የመርዶ አንቀጽ

በ2079 ዓ.ም. የካቲት ላይ ኮምቦልቻ ያለው የሹራብ ፋብሪካችን የሠራተኛ ደኅንነት ኮሚቴ አቋቋመ። ሦስት ሰዎች ነበርን። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ስንዱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው አማካሪ ናሆም፣ እና የሠራተኛው ተወካይ እኔ፣ ሙሄ ይመር፣ ከማቅለሚያ ክፍል። የተመረጥኩት ጠርጣራ ስለሆንኩ ነው። «ሙሄ ሻይ ሲጋብዙት እንኳ ብርጭቆውን ገልብጦ ያያል» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሰው አይሸወድም ብለው እጃቸውን አወጡልኝ።

ሕጉ ከመቶ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ የደኅንነት መርሐ ግብር እንዲኖረው ያዛል። መርሐ ግብሩ ከሠራተኛው ባህል የተቀዳ መሆን አለበት፤ በየአምስት ዓመቱም እንደ አዲስ ይጻፋል። የልብ ምትና ስሜት የሚለካውን የእጅ አምባር አልነካነውም። አምባር ከኮሚቴም ከፋብሪካም በፊት የነበረ ነው፤ ለእኔ ያሰሩልኝ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አረንጓዴ ሲሆን ደህና ነህ፣ ቢጫ ሲሆን ተጠንቀቅ፣ ቀይ ሲሆን ተቀመጥ። የእኛ ሥራ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ውኃ ይጠጣ፣ ስንት ሰዓት ይተኛ፣ መኝታ ቤቱ መቼ ይዘጋ የሚለውን መወሰን ነበር።

የሳቅ ሰዓት የናሆም ሐሳብ ነው። ከምሳ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ይሳቃል፤ ከዐሥሩ አራቱ ከልብ መሆን አለባቸው። አምባሩ የውሸቱን ከእውነተኛው ይለያል። ተቃወምኩ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። ሰው ግን ምን ይሳነዋል? በሳምንቱ ሁሉም እንዴት ከልብ እንደሚሳቅ ተማረ። ከሁሉ የበለጠው ጓደኛዬ እንድሪስ ነበር። የማሸጊያ ክፍል ሰው ነው፤ መኝታ ክፍላችን አንድ ነው፤ እሱ ከጀመረ ግድግዳውም ይስቃል። የእንድሪስ አምባር ቢጫ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ለዚህም ነው አንዳንዴ እሱንም የምጠረጥረው።

በእያንዳንዱ አንቀጽ ተከራከርኩ። የእንቅልፉን ሰዓት ሲጽፉ «ሰው ተኝቶ ያልሠራውን ልትቆጥሩበት ነው» አልኩ። የምግቡን ሲጽፉ «ክብደቱን አይታችሁ ልታባርሩት ነው» አልኩ። ወይዘሮ ስንዱ ቀና ብላ አላየችኝም። ናሆም ግን ሁሉንም ይጽፋል፤ እየጻፈ ይስቃል፤ «ጋሽ ሙሄ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር» ይለኛል። ይህ ምስጋና ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ግን ምስጋና ደግ ነገር ነው፤ ተቀበልኩት።

አንቀጽ ዘጠኝ የመጣው በከድጃ ምክንያት ነው። ከድጃ የሹራብ ማሽን ላይ ነበረች። ባለፈው ዓመት ማሽን ላይ ቆማ ሳለ የአጎቷን ሞት በጆሮ ማዳመጫዋ ነገሯት፤ እጇን ማሽኑ ውስጥ ረሳችው፤ ሁለት ጣቷ ሄደ። «ይህ እንዳይደገም ምን እናድርግ?» አለ ናሆም። «የእናንተ አገር ሰው መርዶ እንዴት ነው የሚነጋገረው?»

ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንነታረክ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ አስረዳሁት። መርዶ በስልክ አይነገርም አልኩት። ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ቀድሞ ገብቶ። እስከዚያ ይሸሸጋል። ቢጠይቅ «ትንሽ አሟት ነው» ይባላል። ለበሽተኛ አይነገርም፣ ለአራስ አይነገርም፣ መንገድ ለሚሄድ አይነገርም፣ ለፈተና ለተቀመጠ ተማሪ አይነገርም። ልቡ እስኪረጋ ይጠበቃል።

«ሕመምስ?» አለ ናሆም።

«ሕመምም ያው ነው። ሩቅ ያለ ሰው በእጁ የሚያደርገው ከሌለ ለምን ይጨነቃል? ሲሻላት ይነገረዋል፤ ካልተሻላትም ያኔ በአንድ ፊት።»

«ትእዛዝ ያለበት ወቅትስ? ሰው ግቢ ገብቶ ዘጠና ቀን የሚሠራበት?»

«እሱማ ራሱ ፈተና ነው» አልኩና ሳቅሁ። ናሆምም ሳቀ። ወይዘሮ ስንዱም እንኳ ፈገግ አለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አንቀጹ ሲመጣ አርባ ገጽ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አነበብኩ፤ ቃሎቹ የእኔው ነበሩ፤ ማለዳው፣ ሽማግሌው፣ የልብ መርጋቱ። ፈረምኩ። ያን ያህል ዓመት ሰው የሰጠኝን ወረቀት ሁሉ ጀርባውን እያየሁ፣ የራሴን ቃል ሳይ ግን ጀርባውን አላየሁም።

ወቅቱ ሚያዝያ አንድ ቀን ጀመረ። ለወቅቱ ሁላችንም ግቢ እንገባለን፤ በሩ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። ሐሙስ ሐሙስ ለዘመድ መደወል ይፈቀዳል። እኔ ያለችኝ አንዲት እህት ናት፤ ሰዓዳ፣ ሐይቅ ነው የምትኖረው። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ ዐሥራ ስድስት ነበረች። ባል ሲመጣላት «ይህን ልጅ ለማን ጥዬ» እያለች ሁለቱን መለሰች፤ ሦስተኛው አልመጣም። እታለም እላታለሁ፤ ወንድማለም ትለኛለች። ከዚህ ውጭ የምናወራው ብዙ የለም፤ በልተሃል ወይ፣ በልቻለሁ፣ አንቺስ፣ እኔም።

ሚያዝያ ማብቂያ ላይ አንድ ሐሙስ ስደውል መስመሩ ተጨናንቋል አለኝ። በሚቀጥለው ሐሙስም ተጨናንቋል። በሦስተኛውም። እንድሪስን ጠየቅሁት፤ የእሱም ከእናቱ ጋር አልገናኝ ብሎታል። «ኔትወርክ ነው ባክህ» አለና ወደ ሳቅ ሰዓት ሄደ።

እኔ ግን ነገሩ አልጣመኝም። በሦስተኛው ሐሙስ ማግስት ምግብ ቤት ሄድኩ፤ ያለወትሮዬ ሥጋ ወጣልኝ። አምባሬ የሚፈቅድልኝ ምስርና ጎመን ነው። «ተሳስተሻል» አልኳት አስተናጋጇን። «ለእርስዎ የታዘዘ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ከማቅለሚያው ጋን አንስተው ልብስ ማጠፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራ፣ የልጅ ሥራ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ በኮሪደሩ አገኘችኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሰላም ብላኝ የማታውቅ ሴት ቆም አለች።

«አቶ ሙሄ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?»

ሰው ያለ ወትሮው ሲያበላህ፣ ሥራ ሲያቀልልህ፣ የማይጠይቅህ ሲጠይቅህ ምን ማለት እንደሆነ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። መርዶ አለኝ። እታለም ሞታለች፤ እነዚህ ሁሉ ያውቃሉ፤ ከእኔ በቀር።

«ምን ሰማሽ?» አልኳት።

«ምንም። ዝም ብዬ ነው» ብላ ሄደች። አምባሬን ሳየው ቢጫ ሆኗል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልቡ ካልረጋ አይነገረውም ብዬ ያስጻፍኩት እኔ አይደለሁም? አንቀጹ መርጋትን የሚለካው በአምባር ነው፤ ሦስት ማለዳ በተከታታይ አረንጓዴ ካልሆንኩ አይነግሩኝም። ለማወቅ በፈለግኩ ቁጥር ቢጫ እሆናለሁ፤ ቢጫ በሆንኩ ቁጥር ይደብቁኛል። ሞታ ከሆነ ደግሞ ቀብሯ አልፏል፤ ቢያንስ በአርባዋ እንድደርስ፣ አፈሯ ላይ እንድቆም ማወቅ ነበረብኝ። እንግዲህ ለእህቴ ለማልቀስ መጀመሪያ ስለ እህቴ ግድ የሌለኝ መሆን አለብኝ ማለት ነው።

ሞከርኩ። ማታ ማታ ስለ ቀለም አሰብኩ፤ ሰማያዊው ስንት ደቂቃ ይፈላል፣ ጥቁሩ ስንት ይቀመጣል። ማለዳ ስነሳ ስሟ እንዳይመጣብኝ ፎጣ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ቀን አረንጓዴ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ገላዬን ስታጠብ ትዝ አለችኝ፤ በጆሮዬ ውስጥ ሳሙና ሲቀር ትቆጣኝ የነበረው፤ ቢጫ ሆነ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ሰውን ሁሉ ጠረጠርኩ። እንድሪስ በሌሊቱ ሲገላበጥ ያውቃል ማለት ነው አልኩ፤ ሲስቅ ደግሞ ሊሸሽገኝ ነው አልኩ። ሳልፈልገው ተኮራረፍን። እሱ ምክንያቱን አላወቀም፤ ሦስት ቀን በጎን በጎኔ ሲያየኝ ሰነበተ።

በመጨረሻ ሦስት ማለዳ በተከታታይ አረንጓዴ ሆንኩ። እንዴት እንደሆነ ለመናገር አፍራለሁ። በሦስተኛው ማለዳ ስሟን ጠርቼ ምንም አልተሰማኝም።

በአራተኛው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንድሪስ ሊታጠብ ወጥቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ስንዱና ናሆም ነበሩ፤ ናሆም ጥቁር ኮት ለብሷል። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ተዘጋጅቻለሁ አልኩ በልቤ፤ ንገሩኝ።

«ጋሽ ሙሄ» አለ ናሆም፣ «የእንድሪስ እናት አርፈዋል።»

በደንብ ያልሰማሁት መሰለኝ። «የማን?»

«የእንድሪስ። ከሠላሳ አንድ ቀን በፊት ነው። ማሸጊያ ክፍል ትእዛዙን ትናንት ስለጨረሰ ዛሬ ይነገረዋል። አንቀጹ ነጋሪው በዕድሜ የገፋ፣ ሰው የሚያከብረው፣ በደንብ የበላና ያረፈ፣ ሦስት ማለዳ የረጋ ይሁን ይላል። ለሰሚው እንደጻፍነው ለነጋሪውም ጽፈናል። ከግቢው ሁሉ በዚህ ሳምንት የረጋኸው አንተ ነህ አለ ሲስተሙ... ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት።»

ሥጋው፣ ልብስ ማጠፉ፣ ሰላምታው ለዚህ ኖሯል። በጓደኛዬ እናት ሞት ደስ አለኝ፤ በአላህ ፊት እንዲህ ነው የሆነው፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ጥርጣሬዬ ተመለሰ።

«የእኔስ?» አልኩ።

«ለእርስዎ መርዶ የለም» አለች ወይዘሮ ስንዱ።

«መርዶ አላልኩም። ምን አለ?»

ናሆም ወደ በሩ አየ። ወይዘሮ ስንዱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከአጠገቤ ተቀመጠች። «ሦስት መልእክት አለ። ከእህትዎ ነው። ሕመም ስላለበት በአንቀጽ ዘጠኝ ተይዞ ነው። የእርስዎ ክፍል ትእዛዝ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።»

«ክፈችው።»

«ወይዘሮ ስንዱ፣ አይቻልም» አለ ናሆም።

እሷ አምባሯን አምባሬ ላይ አስጠጋች። የእታለም ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

የመጀመሪያው ከሃያ ስድስት ቀን በፊት የመጣ ነው። «ወንድማለም፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ሲመችህ ብቅ በል፤ በአካል የምነግርህ ነገር አለኝ።» ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ የመጣ ነው። «ምነው ዝም አልክ? ፈቃድ ከለከሉህ? ለአንድ ቀን እኮ ነው። ፊትህን ልይና ሂድ።» ሦስተኛው ከአራት ቀን በፊት የመጣ ነው፤ ድምፅዋ ከስቷል። «ተወው እንግዲህ። ለሰው ሥራ ይዞት ነው ብዬ ነግሬያለሁ። አልተቀየምኩህም። ምግብህን ብላ።»

አምባሬ ቀይ ሆነና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቀመጥ ይላል፤ ተቀምጫለሁ።

እንድሪስ ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ ገባ። ኮት ለባሹን አየ፣ ወይዘሮ ስንዱን አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አየ፣ የእኔን ፊት አየ። መርዶ ለእኔ የመጣ መስሎት መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። «አይዞህ ሙሄ» አለኝ። «አይዞህ፣ እኔ አለሁ።»

ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል፣ ወሬው ዙሪያ ጥምጥም ይጀመራል፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ምኑንም አላደረግኩም። «እንድሪስ፣ እናትህ ሞተዋል» አልኩት። «ሠላሳ አንድ ቀን ሆነ።»

አልጮኸም። ቁጭ አለና በጣቶቹ ወደ ኋላ ቆጠረ። «ሠላሳ አንድ» አለ። «ሚያዝያ ሃያ ሦስት። የኳስ ውድድር ቀን ነው። ሁለት ጎል አገባሁ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሙሄ፣ እሷን ሲቀብሩ ትከሻ ላይ አውጥተውኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ነው የጮኸው። የአጠገባችን ክፍሎች በሮች ተከፈቱ፤ ሰው ገባ፤ ምን ሆኖ ነው ሲሉ የሆነውን ነገርኳቸው። ወዲያው ሁሉም ወደ ወይዘሮ ስንዱ ዞሩ። «የእኔስ? የእኔስ አለ?» አሉ። ከድጃም በሦስት ጣቷ የወይዘሮ ስንዱን ኮት ይዛ «የእኔስ?» አለች።

እኔ ልብሴን ለብሼ ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው አምባሬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቀይ ሆኖ መውጣት አይቻልም፤ ለራስዎ ደኅንነት ነው አለኝ። ስድብ ወደ አፌ መጣ። ከኋላዬ ወይዘሮ ስንዱ ደረሰች፤ ኮቷ ተቀዷል፤ በራሷ አምባር በሩን ከፈተችልኝ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እኔም ለራሴ የተያዘውን መልእክት እስከ ዛሬ አላየሁም። አባቴ ባሕር ዳር ናቸው። ይሂዱ።»

ለምን እንዳላየች አልጠየቅኳትም፤ መኪና ይዤ ሐይቅ ወረድኩ። በመንገድ ላይ ናሆምን ሰደብኩት፣ ፋብሪካውን ሰደብኩት፣ ሕጉን ሰደብኩት። ሐይቁ ሲታይ የሚሰደብ ሰው አለቀብኝ።

ጎረቤቷ መሬም በር ላይ አገኘችኝና ወደ ጎን ሳበችኝ። የሐኪም ቤቱ ማሽን በየማለዳው የቀራትን ቀን ይቆጥራል፤ ዛሬ ዐሥራ አራት ብሏል፤ ለእሷ ግን አልነገርናትም አለችኝ። «አደራህን፣ አንተም እንዳታሳውቃት። ልቧ ይሰበራል።» እሺ አልኩ። ምን እላለሁ ሌላ?

እታለም አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አንሷል፤ ዓይኗ ያው ነው። እጇን ያዝኩ።

«መጣህ?» አለች።

«እታለም፣ መልእክትሽ አልደረሰኝም። ወላሂ አልደረሰኝም። ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«ምን ሆኖ?»

«ያዙት። ሠራተኛ እንዳይጨነቅ ክፉ ወሬ ይያዝ የሚል ሕግ አለ።»

እጇን ከእጄ ላይ አነሳች። እታለም ሰው አትሳደብም፤ ያን ቀን ግን ተቆጣች። «እህት ወንድሟን እንዳትጠራ የሚል ሕግ? ማን ነው ያወጣው? እናት የለውም?»

ናሆም ልል አፌን ከፈትኩ። ፋብሪካው ልል ፈለግኩ። እሷ ግን እያየችኝ ነበር፤ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስኳር ሰርቄ ስታየኝ እንደነበረው።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። ደግ ያደረግኩ መስሎኝ።»

መሬም በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ እታለም «መሬም በር ላይ ምን አለችህ?» አለችኝ።

መሬምን አየኋት፤ በዓይኗ አይሆንም እያለችኝ ነው። እህቴን አየኋት።

«ዐሥራ አራት ቀን አለች» አልኩ።

መሬም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እታለም ግን አልደነገጠችም፤ የምታውቀውን ነገር እንደነገርኳት ገባኝ።

«ልክ ነው» አለች። «መጀመሪያ የጠራሁህ ቀን አርባ ብሎኝ ነበር።» ቁጣው ከፊቷ ላይ ወረደና ትራሱን በደካማ እጇ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ጫማህን አውልቅና ተቀመጥ።»

አውልቄ ተቀመጥኩ።